ድምፅ የሌለው መርዶ

ነገሩ ከደረሰ በመጪው ሰኔ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ቢቸና ውስጥ ሰው ሲያወራው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን ሳቁ ይጠፋኛል።

ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስልክ ላይ መዝሙር እጭናለሁ። ከቴሌቪዥን የተቀዳ ፕሮግራምም በየትኛውም ስልክ እንዲከፈት አድርጌ እቀይራለሁ። ሪሲቨር የቀዳው ነገር ከዚያው ሪሲቨር ሌላ ቦታ አልከፈትም ስለሚል፣ ሰው ፍላሹን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። አልችልም ማለት የማልወድ ሴት ነኝ፤ መዘዙም ከዚያ መጣ።

አንድ ጠዋት እማማ እናኑ ፍላሽ ይዘው መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፣ የደም ግፊት አለባቸው፤ ያላቸው ልጅ ይበልጣል የሚባል አንድ ብቻ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ፍላሹን ከሞጣ የላኩላቸው ወንድማቸው ጋሽ ሞላ ናቸው። የሚኒባሱ ሹፌር ያደረሰው መልእክት "ይበልጣል በቴሌቪዥን ታይቷል፣ እዪው" የሚል ብቻ ነበር።

"እስቲ ልጄን እዚች ስልኬ ላይ አድርጊልኝ፤ ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ" አሉኝ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር።

እስኪቀየር ገበያ ደርሰው ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸውና ከፈትሁት። ምስሉ መጣ፤ ድምፅ ግን የለም። በሌላ ፕሮግራም ሞከርሁ፣ ያው ነው። እስቲ ብዬ ዝም ብዬ ማየት ጀመርሁ።

ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። የይበልጣልን ፎቶ ይዛ ታለቅሳለች። ጠያቂዋ ጋዜጠኛም እንባዋን ትጠርጋለች። ቀጥሎ የሆስፒታል በር ታየ፤ ከዚያ ሴትዮዋ ፎቶውን ስማ እንደገና አለቀሰች።

ክው አልሁ። ሹፌር ነው፣ ድምፁ ጠፍቷል፣ ፎቶው በለቀስተኛ እጅ ነው፤ ሌላ ምን ልበል? ጋሽ ሞላም በአፋቸው መናገሩ ከብዷቸው በፍላሽ የላኩት መሰለኝ።

እማማ እናኑ ተመልሰው "ደረሰልሽ?" ሲሉኝ ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ።

"ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"ራሴን አሞኝ ነው፣ እማማ።"

ከዘንቢላቸው አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አውጥተው "አሽትቺው፣ ይተውሻል" ብለውኝ ሄዱ። እሳቸው ከበሩ እንደራቁ አለቀስሁ።

ቀጥ ብዬ የንስሐ አባታቸው መምሬ ይሁኔ ዘንድ ሄድሁ። ያየሁትን ነገርኋቸው። "መቼ ነው ያረፈው? የት ተቀበረ?" አሉኝ። አላውቅም አልሁ።

"ታዲያ ምን ይዘን ነው እናት ፊት የምንቆመው? ቀኑን ሳናውቅ አርባውን ከየት እንቆጥራለን? ሞጣ ሂጂና ጠይቀሽ ነይ። እስክትመጪ ትንፍሽ አንልም።"

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ጋሽ ሞላ ደጅ ድንኳን ተተክሎ እንደማገኝ እርግጠኛ ነበርሁ። ድንኳን የለም። እሳቸው እህል መደብራቸው ውስጥ ሆነው ገና ከሩቅ ሳቁልኝ።

"እህቴ አየችው? ምን አለች?"

ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው እጄን ይዘው ቤት አስገቡኝና ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱት። ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁ። ሴትዮዋ ያዘነችው ለባሏ ነው። መንገድ ላይ ሲታመምባት መኪናው ሁሉ አልፏት ሲሄድ፣ አንድ የጭነት ሹፌር ቆሞ ሆስፒታል አደረሰላት፤ ደም ሰጠላት፤ ባሏ እስኪያርፍ አብሯት ቆይቶ ስሙን እንኳ ሳይነግራት ሄደ። ሆስፒታሉ በር ላይ በስልክ ያነሳችውን ፎቶ ይዛ እሱን አመሰግን ብላ ታፈላልጋለች። ይበልጣል አልሞተም።

ኮምፒውተሬ ያቃተውን በስልኬ ቀረጽሁት፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ምስሉንም ድምፁንም ቀዳሁና ተመለስሁ።

ቢቸና ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከእማማ እናኑ ቤት በር ላይ መምሬ ይሁኔ ከፊት፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኋላ ሲገቡ አየሁ። ለካስ ወሬው አፈትልኮ፣ እናት መንገድ ላይ ከምትሰማው እኛው እናርዳት ብለው ነው። ሮጥሁ። ጭቃው አንዱን ጫማዬን አስቀረው። ልጣራ ብል ጩኸቱ ራሱ መርዶ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ስገባ እማማ እናኑ ለእንግዶቹ በርጩማ ያቀራርባሉ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አልሞተም! ይበልጣል አልሞተም!" አልሁ።

እማማ እናኑ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ሞተ አለ?" አሉ፤ እንደቆሙም ወደቁ።

ላድናቸው ሮጬ በገዛ አፌ የገደልኋቸው መሰለኝ። ትንፋሽ ያላቸው አይመስሉም ነበር። መምሬ ውኃ ረጩባቸው፣ ጩኸቱን ሰምተው የገቡ ሴቶች የቀሚሳቸውን ደረት ፈቱላቸው፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አንዲት ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ስልኩን ከጆሯቸው አስጠጋሁ። የሴትዮዋን ምርቃት ሰሙ። በሁለት እጃቸው ይዘው ባትሪው እስኪያልቅ ደጋግመው ሰሙት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ሦስት ቀን ተኙ።

እሳቸው ይቅር ብለውኛል፣ ቤታቸውም እገባለሁ። እኔ ግን ሳልሰማ ስላመንሁት ነገር ራሴን ይቅር አላልሁም። ድምፁ እንደሌለ እያወቅሁ የሌለውን በራሴ ሐዘን ሞላሁት።

ለእንቁጣጣሽ ይበልጣል መጥቶ ሱቄ ገባ። እጁን ዘርግቶ "የገደልሽኝ አንቺ ነሽ?" አለኝ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እማማ እናኑ ከጎኑ ቆመው የሸሚዙን እጅጌ ይዘው ነበር። እሳቸው አልሳቁም፤ እጅጌውንም አልለቀቁም።