ቴፑን ከፍ አድርጊው

የገና ሰሞን ሮቤ ከተማ አንድ ካፌ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን የትኛው የገና መዝሙር እንደሚበልጥ እንከራከር ነበር። ሰላም በአፋን ኦሮሞ የተዘመረውን መረጠች። ከበደ ግን «እንደ ድሮው የለም» ብሎ የአንድ የድሮ መዝሙር የካሴት ቅጂ ከስልኩ ከፈተ። ገና ከበሮው ሲመታ መዝሙሩን አወቅኩት።

ልጅ ሆኜ፣ ጎባ፣ በገና ዋዜማ እናቴ ጓዳ ውስጥ ታምጥ ነበር። የሚያዋልዷት ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ እጃቸው እንደረጠበ ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ቴፑን ከፍ አድርጊው» አሉኝ። ያንኑ መዝሙር እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። የእናቴ ጩኸት ግን አልፎት ይሰማኝ ነበር። ካሴቱ አልቆ ሲቆም ቤቱም ጸጥ አለ።

አዴ ዘይነባ ወጥተው ለአባቴ፣ «እንግዳው ከደጅ ተመለሰ። አላህ ያጽናችሁ» አሉት። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔ እንግዳው ሳይርቅ ልመልሰው ብዬ ወደ በር ሮጥኩ። ከሳነቴ ተራራ ከሚወርደው ነፋስ በቀር መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ቢሆንም እናቴ ሰው ስትቀበል እንደምትለው፣ «ግቡ እንጂ! ቤት የእንግዳ ነው!» እያልኩ ተጣራሁ። ያኔ እናቴ ከጓዳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«አንቺስ የቱን ትመርጫለሽ?» አለችኝ ሰላም።

«ይሄ እየተዘመረ ነው ወንድሜ ሞቶ የተወለደው» አልኳት።

ወንድም እንደነበረኝ እስከዚያች ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።