ጋሼ ሽባባው ያስበተኑት ሰልፍ

ጋሼ ሽባባው ወልቂጤ የመጡት ከደብረ ታቦር የሒሳብ መምህር ሆነው ነው። ዓመት ቆይተው ሊዛወሩ ያሰቡ ሰው እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ ጡረታም እዚሁ ወጡ። የከተማው ባጃጅ ነጂ ግማሹ ተማሪያቸው ነበር። ወንድማማች በቦታ ሲካሰስ እንኳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት ከድሮ የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ያለ ተራህ ሰው ጭነሃል ተብሎ፣ መናኸሪያው በር ላይ በሁለት ፖሊሶች ተደበደበ። ነጂዎቹ በጥፊ መመታትን ለምደውታል፤ አቤት ሲሉም “ምስክር አምጡ” ይባላሉ። የዚያን ቀን ግን የከድሮ ግራ ዓይን ጠፋ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የጅማ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፤ የፖሊስ ጣቢያው መስኮት ረገፈ።

የጣቢያው አዛዥ ጋሼን አስጠራቸው።

“እርስዎን ይሰማሉ። ወደየቤታቸው ይግቡ እንጂ ማንንም አንነካም። የመቱትም ይጠየቃሉ።”

ጋሼ ጭሱ መሀል ገቡ። ከፊት የቆመው ነብዩ ነበር፤ ያስተማሩት ልጅ፣ አሁን ብየዳ ቤት ያለው።

“ቲቸር፣ ዞር ይበሉ፣ ድንጋይ ያገኝዎታል!”

“አዛዡ ማንንም አንነካም ብሏል። ግቡ ልጆቼ።”

“እርስዎ ያምኑታል?”

“አምነዋለሁ” አሉ ጋሼ።

ነብዩ የያዘውን ጣለ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተበተኑ።

ሳምንት ሳይሞላ አፈሳ ተጀመረ። ነብዩን ከነሥራ ልብሱ ከብየዳ ቤቱ ወሰዱት። ጋሼ ወደ ጣቢያ ሮጡ።

“ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው” አላቸው አዛዡ፣ ቀና ሳይል።

“እንግዲያው እኔንም እሰረኝ። ወደየቤታቸው ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።”

“አባቴ፣ ቤትዎ ይግቡ።”

በሩ ላይ የነብዩ እናት ፀሐይ ለልጃቸው ምሳ ይዘው ቆመዋል። “እርስዎ ባይመጡ ልጄ አገና ከተማ ዘመድ ጋ ይሸሽ ነበር” አሏቸው። ሰፈር ውስጥም “ድሮስ የኛ ሰው ነበሩ?” የሚል ወሬ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ነብዩ ክስ ሳይመሠረትበት ከወራት በኋላ ተፈታ። ጎኑን እያመመው ብዙ መበየድ አልቻለም። ከድሮን የደበደቡት ፖሊሶች ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ በዚያው ቀረ። ጋሼን ቤታቸው እየመጣ የሚጠይቃቸው ራሱ ከድሮ ብቻ ነው። “እርስዎ መሀል ባይገቡ ኖሮ ሰው ይሞት ነበር” ይላቸዋል። ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አይጽናኑበትም።

ዘንድሮ ገበያው አጠገብ ሌላ ነጂ ተደበደበ። ጎማ ነደደ። አዲሱ አዛዥ መኪና ልኮ አስጠራቸው።

“ምን ብዬ?” አሉት ሾፌሩን። “እኔ የምነግራቸው የለኝም።”

መኪናው ሲሄድ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች፣ “ሰው ቢሞትስ?” አሉ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከገበያው በኩል ተኩስ ተሰማ።

አመሻሹ ላይ አሰገደች የተጎዳ እንዳለ ሊጠይቁ ከሄዱበት ሆስፒታል ተመለሱ። “አንድ ተማሪ እግሩን ተመትቷል። ይተርፋል ብለዋል።”

“የማን ልጅ ነው?”

ስሙን ነገሯቸው። ጋሼ አያውቁትም። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነበር።