ቅቤ በነካ እጅ

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪና ሽታ ነበር። መርሳ ውስጥ ያለ የእህል መጋዘን ነው፤ ጦርነቱ ከደረሰ በኋላ እስር ቤት አደረጉት። መስኮት አልነበረውም፤ ወይም ነበረው፣ እኔ ግን አላስታውሰውም።

በየማለዳው ወለሉን በበረኪና ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ። ደረቁ የኅዳር ነፋስ ተጨምሮበት እጆቼ መጀመሪያ ነጡ፣ ከዚያም በየአንጓቸው ተሰነጠቁ። ጣቶቼን ሳጥፍ ይደሙ ነበር። ጠባቂውን ቫዝሊን ብለምነው፣ «ሽማግሌው፣ ልትሞሸር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አብረውኝ የታሰሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በዕድሜ የምንቀራረብ የሀብሩ ሙስሊም ገበሬ። ማን እንደሚያዳምጠን ስለማናውቅ ብዙ አንነጋገርም ነበር። አንድ ቀን ግን እጆቼን ሳቡና ተመለከቱ።

«ወላሂ፣ ይኼ እጅ ነው ወይስ የበጋ መሬት?»

ራሳቸውን ስለሚያማቸው አናታቸውን እንዲቀቡት ልጃቸው የላከችላቸውን ጥቂት ቅቤ ከተጠቀለለበት ቅጠል ፈቱ። እጄን ሰበሰብሁ። የነቢያት ጾም ነበር፤ ማንኪያ አልነበረንም። ቅቤ በነካ ጣት ሽሮ ብበላ ጾሜን መግደፌ ነው። ያን ጊዜ ያልተወሰደብኝ ነገር ጾሜ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ጾሙ የአፍ አይደለም እንዴ፣ መምህር?»

«የምጎርሰው በእጄ አይደል?»

«እንግዲያው እጁን ለእኔ ይተዉት፤ አፍዎን ብቻ ይዘው ይቅረቡ።»

ቅቤው መጀመሪያ አቃጠለኝ፤ ቆይቶ ሕመሙ ረገበ። በዘጠኝ ሰዓት እንጀራና ሽሮ ሲመጣ፣ ከሶላት በፊት ለውዱእ ሊታጠቡበት ያስቀመጡትን አንድ ኩባያ ውኃ አነሡ። በሳሙና ቁራጭ እጃቸውን ደጋግመው ፈትገው ታጠቡበት፤ ቅቤ እንዳልቀረ አሽትተው አረጋገጡ። ከዚያ አጎረሱኝ።

«ለሶላትዎስ?» አልኋቸው።

«አፈር ሞልቶ!»

መዳፋቸውን በመጋዘኑ የጭቃ ግድግዳ ላይ አሳረፉ፤ ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ለሶላት ቆሙ።

በማግሥቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን ወሰዷቸው፤ በዚህ ላይ ትዝታዬን አላምነውም። የተረፈውን ቅቤ ትተውልኝ ሄዱ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ በሕይወት መኖራቸውን ግን ስለማላውቅ አልጽፈውም።

እጄ ድኗል። ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው። በጾም ቀን ከማዕዱ ፊት ስቀመጥ፣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ጥቂት እቆያለሁ። ምን እንደምጠብቅ የሚጠይቀኝ ሰው በቤቱ የለም።