ስለ ወርቅ የጻፍኩትን ያዳመጡት አባት

ነገሩ ያጋጠመኝ ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት፣ ሐዋሳ ፒያሳ በሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ዓይነት ስሜት ግን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ያኔ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ኬሚስትሪ እወድ ስለነበር፣ ከሥራ ስወጣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት በሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ማዕድናት በአማርኛ እጽፋለሁ። ክፍያ የለውም። ስለ መዳብ ጽፌያለሁ፣ ስለ ብር ጽፌያለሁ። ከሁሉም የደከምኩበት ግን ወርቅ ነው። ከሌላ ነገር ጋር ሳይዋሐድ፣ ወርቅ እንደሆነ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ እንደሚገኝ ከገለጽኩ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ሳይንቲስቶች የሚሉትን ጨመርኩ። ወርቅ የተፈጠረው እዚህ አይደለም፤ ምድር ከመኖሯ በፊት፣ ሰማይ ላይ ከዋክብት ሲፈነዱ ነው።

አንድ ጓደኛዬ አንብቦ ሳቀብኝ።

«ለመሆኑ ይህን ማን ያነበዋል? ቢያነበውስ ማን ያምንሃል?» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡን ሸሽቼ ኢንተርኔት ቤት የገባሁት የከዋክብቱን አንቀጽ ልሰርዘው ነበር። መጻፉንም እርግፍ አድርጌ ልተወው ወስኜ ነበር።

ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ይጎተታል። ገጹ እስኪከፈት ስጠብቅ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሰው ስታነብ ሰማሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኳትም። ኋላ ቃላቱን ለየኋቸው። የራሴ ነበሩ።

ዞር አልኩ። አጠገቧ አባቷ ተቀምጠዋል። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው አገጫቸውን አስደግፈውበታል። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሟ ኢሜይል ልትልክ ስትመጣ አብረዋት መጥተው «እዚያ ውስጥ ስለ ወርቅ የተጻፈ ነገር ይኖራል?» ብለው ጠይቀዋት ነው።

ከዋክብቱ ጋ ስትደርስ አስቆሟት።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ከላይ ነው የመጣው ይላል?»

«እንደዚያ ይላል፣ አባዬ።»

አገጫቸውን ከከዘራው ላይ ቀና አደረጉ። ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

«ይቅርታ አባቴ፣ እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጄን ስሰጣቸው መዳፌን ዳበሱት።

«ለስላሳ ነው። ቆፍረህ አታውቅም» አሉኝ። «እኔ አዶላ ወርቅ ስቆፍር ነው ያረጀሁት። ታናሽ ወንድሜ ጉድጓድ ተደርምሶበት እዚያው ቀረ። ይህ ያልከው ነገር እውነት ነው?»

«ያጠኑት ሰዎች እንደዚያ ይላሉ። እኔም ከእነሱ አንብቤ ነው።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን አፈር ስረግም ኖሬያለሁ። ወርቁን አብቅሎ ወንድሜን በላብኝ እያልኩ። ወርቁ የእሱ ካልሆነማ... አፈሩም እንግዳ ተቀብሎ ነው የኖረው ማለት ነዋ። በከንቱ ረግሜዋለሁ።»

ልጃቸው እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ስለ አጎቴ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ የጻፍኩት ስለ ድንጋይና ስለ ከዋክብት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የአንድ ሰው ሐዘን ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው መረቁኝ፤ ልጃቸው ደግፋቸው በባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ወደ ቱላ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ገጹ ተከፍቷል። ምንም ሳልነካ ዘጋሁት፤ አንቀጹ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

አሁን ትዳር ይዣለሁ፤ ጣቴ ላይ የወርቅ ቀለበት አለ። ሥራ ቀለል ሲለኝ አንዳንዴ አየዋለሁ። እኔ ጋ እስኪደርስ ያቋረጠውን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ የቀሩትን ሰዎች ሳስብ፣ ደንበኛ መጥቶ እስኪጠራኝ ድረስ ፈዝዤ እቀራለሁ።