ጋሽ ሙከራ የልጃቸውን ማይክ የሠሩ ዕለት

ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሠርግም ሆነ ስብሰባ፣ ድምፅ ማጉያ ተክለው ማይክ የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው፤ መድረክ ላይ ወጥተው «ሙከራ! ሙከራ!» ሲሉ ስለኖሩ ሰፈሩ ጋሽ ሙከራ ብሏቸው ቀረ። ግን እንደ ሌሎቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው አይቆጥሩም። «ማይክ በቁጥር አይፈተንም፤ በሰው አነጋገር ነው» ይሉና ሰፈርተኛውን በየተራ ማስመሰል ይጀምራሉ። አፍንጫው የታፈነውን ባለሱቅ፣ ቃል የሚጎትተውን ዳኛ፣ የገዛ ሚስታቸውን ቁጣ። ሙሽሮቹ ሳይገቡ ሠርገኛው በሳቅ ይፈርሳል። እኔማ ለሙሽሮቹ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ ቀድሜ የሄድኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አስመስለው አያውቁም፤ ልጃቸውን። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትንተባተብ ነበር። በተለይ «ጤና ይስጥልኝ» ላይ ምላሷ ይያዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቀው ለዚህ ነበር። እያደገች ስትሄድ ቀስ ብላ መናገር ለመደች፣ የሚያስቸግራትን ቃል በሌላ ተካች፤ አሁን የማያውቃት ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ታዲያ ይቺው ልጅ ናት ከቤት ሆኖ የደንበኞችን ስልክ የማንሳት ሥራ ያመለከተችው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ በቪዲዮ። ድርጅቱ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ስልክ ሲያነሳ «ጤና ይስጥልኝ» እንዲል ያዛል፤ በሌላ ቃል መተካት ብሎ ነገር የለም። እናቷ እንደነገረችኝ፣ መስታወት ፊት ቆማ ያቺን ቃል ስትለማመድ ከረመች፤ በመጨረሻም ቃሏ ጠርታ ወጣችላት። እናትየው በር ላይ ሆና ስትሰማት አልቅሳለች።

የፈተናው ቀን የብሉቱዝ ማዳመጫዋ እምቢ አለ። ድምፅ ያሰማል፤ ማይኩን ግን ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያውቀውም።

«ተወው አባዬ፣ በኮምፒውተሩ በራሱ ማይክ አወራለሁ» አለች።

«የጓዳው ሳህን ሳይቀር እንዲሰማ? እኔ አባትሽ እያለሁ?» ብለው ወንበሩን ሳቡ።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን አሳምረው ነው የሠሩት። መጀመሪያ ማይኩን እፍ እፍ አሉበት፤ ይቺ እንኳ ልማድ ናት። ቀጥለው ማዳመጫው ከልጅቷ ስልክም ጋር መያያዙን አዩና የስልኩን ብሉቱዝ ዘጉ። ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፉት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ቁልፉን ተጭነው እንደ አዲስ አገናኙት። ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ድምፅ የሚቀበለው እሱ እንዲሆን መረጡ። ልጅቷ ስብሰባውን ከፍታ «እስኪያስገቡዎ ይጠብቁ» የሚለውን ስታይ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ ብላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

እሳቸው የማስተካከያውን ገጽ ስብሰባው ላይ እንደደረቡት ነው። ማዳመጫውንም ጆሯቸው ላይ አላደረጉም፤ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ እንደ መድረክ ማይክ ጨብጠው ወደ አፋቸው አስጠጉት። «ሙከራ» ሲሉ የድምፁ መስመር ብድግ አለ። ደስ አላቸው። ግን ማይክ ደህና መሆኑ የሚለየው እንደ ጰ፣ እንደ ጠ ያለ የሚፈነዳ ፊደል ሲመጣበት ነው። ባለሱቁን አስመሰሉ፤ ሚስታቸውን አስመሰሉ። ከዚያ፣ ብቻዬን ነኝ ብለው ይሆናል፣ አድርገው የማያውቁትን አደረጉ።

«ጤ… ጤ… ጤ… ጤና…» አሉ፣ በዚያች ጓዳ በምትደበቀው ሕፃን ድምፅ፣ ትንፋሿ ሳይቀር። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት ሆዳቸው ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል። ቁጭ እሷን ሲመስልላቸው ጊዜ ደገሙት፤ ሳቁም።

«አባዬ።»

ልጅቷ ብርጭቆ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ከጭብጣቸው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። «ሃሎ? ይሰማናል… ኧረ በደንብ ይሰማናል።»

ገጹን ገለል ሲያደርጉት ሦስት ፈታኞች ፊት ለፊት ያይዋቸዋል። አንደኛዋ አፏን በእጇ ሸፍናለች።

ጋሽ ሙከራ ክው አሉ። ያ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ የሚቀልድ ሰውዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወንበሩን ለቀቁላት። ልጅቷ ማዳመጫውን ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና አጠለቀችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ጤ…» አለች። «ጤ… ጤ…»

አባትየው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ሆነው ሰሙት። ቅድም እሳቸው ናቸው እሷን ያስመሰሉት፤ አሁን ግን እሷ እሳቸውን የምታስመስል ይመስል ነበር።

ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ምነው ሰውዬ፣ ፊትህ አመድ መሰለ፤ ምን አድርገህ ነው?» አለቻቸው።

«ማይኩን ሠራሁት» አሉ።

ሥራውን ግን አገኘች። ድርጅቱ ለደንበኞች በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ክፍልም አለው፤ እዚያ መድቡኝ ያለችው ራሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ትውላለች፤ ከክፍሏ የሚሰማው የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። አባትየው በበሯ ሲያልፉ ጫማቸውን አውልቀው ነው። ባለፈው ሠርግ ላይም ማይኩን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ወረዱ። «ኧረ ጋሽ ሙከራ፣ ባለሱቁን!» እያልን ብንጮህ ዞረውም አላዩን።

ማዳመጫው ከወንበሯ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት የከበዳቸው ሰውዬ፣ እንደምንም ደፍረው ገቡ።

«ማይኩ እንደገና አስቸገረሽ እንዴ?» አሉ ወደ ምስማሩ እያዩ።

«አይ አባዬ፣ ደህና ነው» አለች፣ እጇን ከቁልፎቹ ላይ ሳታነሳ። «በደንብ ይሰማል።»