ኡዝቤኩ እንግዳዬና ሙሉው ብርጭቆ

ነገሩ የሆነው አምና ከኢድ በኋላ ነው። ሻይ በቀረበልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያበሽቀኛል።

የምሠራው ቂሊንጦ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማሽኖቹን ሊተክል ከኡዝቤኪስታን የመጣ ሩስታም የሚባል ባለሙያ ነበር፤ አማርኛ ሰባብሮ ይናገራል። ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የማሽን ክፍሉን ለእኔ ወይም ለባልደረባዬ ለታደሰ ያስረክባል ተባለ። እኔም ብልጥ ነኝና ሩስታምን ቃሊቲ ቤቴ ምሳ ጠራሁት።

ባለቤቴ ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ለእንግዳ አጉድሎ መቅዳት አታውቅም። ምሳው እስኪደርስ ብላ ሻዩን እስከ አፉ ሞልታ አቀረበችለት። ሩስታም ብርጭቆውን ሲያይ ፊቱ ቀላ። በትኩሱ ጨለጠው።

«ይድገሙ እንጂ፣ በሞቴ!» ብላ እንደገና ሞላችው።

እሱንም እንደምንም ጠጣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ» እያለ ወጥቶ ሄደ። የበጉ ወጥ ገና ምድጃ ላይ ነበር። ዘይነባ «ምን ብለኸው ነው?» ብላ እኔ ላይ አፈጠጠች።

ሰኞ ፋብሪካ ስጠይቀው ጉዱን ነገረኝ። በእነሱ አገር ለተከበረ እንግዳ የሚቀዳው ሁለቴ ፉት የምትባል ሻይ ብቻ ናት፤ ባለቤቱ ደጋግሞ እንዲቀዳለት። ሞልቶ መቅዳት «ጠጣና ሂድ» ማለት ነው።

«ሁለት ጊዜ አባረራችሁኝ» አለኝ አዝኖ።

«እኛ ዘንድ አጉድሎ የቀዳውን ነው ሰፈር ሁሉ ቆጥቋጣ እያለ የሚያማው» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እፎይ አልኩ።

ሊሄድ ሲል ለእኔና ለታደሰ በገዛ እጁ ፕሎቭ ሠራልን። በበግ ላትና በካሮት የሚበስል ሩዝ ነው፤ በአገሩ የድግስ ፕሎቭ የወንድ ሥራ ነው አሉ። ጣት ያስቆረጥማል። ከዚያ አረንጓዴ ሻይ መጣ። ለታደሰ እጀታ በሌላት ሲኒ ሁለት ፉት ቀዳለት። የእኔን ግን እስከ ጫፉ ሞላው።

ክው አልኩ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ተቀመጥ ወንድሜ! እንደ እናንተ ነው የሞላሁት» አለኝ።

ነፍሴ መለስ አለች። ታደሰ ያቺን ጠብታ ሻዩን እያየ ሲኮሳተር እንዲያውም አሳዘነኝ።

በማግስቱ የማሽን ክፍሉ ለታደሰ ተሰጠ።

ዛሬም አልቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ሩስታም እኔን በአገሬ ልማድ፣ ታደሰን በአገሩ ልማድ አክብሮናል። ሥራውን የሚያስረክበው በየትኛው እንደሆነ ግን ሻዩን ከመጠጣቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።