በአሲድ የታጠበው ከሰል

በደርግ ጊዜ አዳማ ሳለን፣ ጎረቤታችን ልጄን ቦምብ ትሠራለች ብሎ ጠቆመባት። የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ ገባ። ልጄ ከሞቱ የባትሪ ድንጋዮች ያወጣችውን ከሰል በመኪና ባትሪ አሲድ ዘፍዝፋ ነበር።

"ሰው ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል እንጂ በአሲድ ይዘፈዝፋል? አንቺ መርዘኛ!"

"ጋሼ፣ አሲዱ የከሰሉን ገጽ ይለውጠዋል። ኤሌክትሪኩ ይጨምራል።"

"አሳዪኝ። ከዋሸሽ እወስድሻለሁ።"

ያልታጠበውን ከሰል ከቁራጭ ቆርቆሮ ጋር ጨው ውሃ ውስጥ ከተተች። ከትምህርት ቤት ከተዋሰችው የኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር በሽቦ አገናኘቻቸው፤ መርፌው በጭንቅ ተነቃነቀ። በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። የታጠበውን ስትከት መርፌው ዘለለ።

ጠባቂው የራሱን ሬዲዮ የሞቱ ድንጋዮች ከኪሱ አውጥቶ ወረወረላት።

"እነዚህን ፀሐይ አላነሣቸውም። እጠቢያቸው" ብሎ ወጣ።

ልጄ ቤቷ አደረች። ተመስገን።